ከአፍ ነው ከጎን?

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ኩሬው ዳር ግን ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚሉት። በሥራ ዘመኑ መብራቱ ቢጫ ሊሆን ነው ብሎ ከጠረጠረ ገና ከሩቅ ፍሬን ይይዝ ስለነበር ተሳፋሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ በኋላ ዓሣ አጥማጅ ሆነው እዚያው ተገናኙና ስሙም አብሮ መጣ። እሱ ቅር አይለውም። «ፍሬን የማይዙትን ሾፌሮች ፈልጋችሁ አምጡልኝና እንወያይ» ይላል።

ኩሬው የተፈጥሮ አይደለም። የጡብ ፋብሪካ አፈር ሲያወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ውሃ ሞላበት፣ ከዚያ አንድ ሰው ካርፕ የሚባለውን ዓሣ አምጥቶ ለቀቀበት። ካርፕ ሆዳም፣ ከንፈረ ወፍራም፣ ጭቃ ሲምስ የሚውል ዓሣ ነው። ውሃው አይወርድ፣ አይፈስ፤ ነፋስ ካልነካው በቀር ዝም ብሎ ይተኛል። እሁድ እሁድ ጡረተኞችና ሳምንቱ የሰለቻቸው ሰዎች ዙሪያውን ይቀመጡና መንጠቆ ላይ ሊጥ ወይም ትል ሰክተው ወደ ታች ይሰዳሉ። ከዚያ በኋላ ወሬ ነው። የያዙትን ይመዝኑታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ መልሰው ይለቁታል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው የምትሄዱት?» ትል ነበር።

በዝንብ የሚያጠምደው አባቴ ብቻ ነው። ዝንብ ስል የምር ዝንብ አይደለም፤ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞበት የሚበላ ነገር የሚመስል ነው። ክብደት ስለሌለው እንደ ሊጥ አይወረወርም። ወፍራሙን ክር በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዙ ይዘረጉትና ዝንቡን ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ሌሎቹ «ይሄ ለወራጅ ውሃና ለጨዋ ዓሣ ነው፤ ጭቃ ለሚልስ ካርፕ ምን ያደርጋል?» ይሉታል። አባቴ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ኩሬው ጥግ ላይ ጥቋቁር ፍሬ የሚያረግፍ ዛፍ አለ፤ ካርፖቹ ከሥሩ ተሰብስበው ፍሬውን ከላይ ከላይ ይለቅማሉ። እሱም ከእኔ የተማሪ ቤት ሹራብ ወይን ጠጅ ክር ፈትቶ ያንን ፍሬ የሚመስል ዝንብ ሠራ። በእሱ ትንንሾቹን ይዟል። ትልቋን ግን አልያዘም።

ትልቋ «ባልቴቷ» ትባላለች። ከጅራቷ ቁራጭ ስለጎደለ ማንም አይስታትም። በሊጥ ሁሉም ተራ በተራ ይዘዋት ያውቃሉ። አባቴ ግን «በእኔ ዝንብ፣ ከላይ፣ ዓይናችሁ እያየ ትወስዳለች» ብሎ ከፎከረ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ በጣም የሚያሾፍበት ፋርማሲስቱ ነው። ሊጡን በመድኃኒት ሚዛን መዝኖ፣ በብልቃጥ አድርጎ የሚመጣ፣ ኩራቱ ከሰፈር የሚታይ ሰው ነው። አባቴን ባየ ቁጥር «ፍሬን፣ ባልቴቷ ሰላም ብላሃለች፤ ሹራቡ ጠቦኛል ብላለች» ይለዋል።

ኩሬው አንድ ሕግ አለው። ዓሣ መረብ ውስጥ እንደገባ፣ ገና ሳይመዘን፣ አጠገቡ ያለ ሰው ያጠመደውን «ከአፍ ነው ከጎን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዓሣው ራሱ አፉን ከፍቶ ከወሰደው ከአፍ ነው። መንጠቆው ሳያስበው ክንፉን ወይም ሆዱን ከወጋው ከጎን ነው፤ ይለቀቃል፣ አይቆጠርም፣ ዳግመኛም አይወራበትም። ጎንበስ ብሎ የሚያጣራ የለም። የሚጠየቀው ያጠመደው ነው፣ የሚታመነውም ቃሉ ነው። ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሮ ሲያገኝ፣ አይቆጣም፣ ይህንኑ ነበር የሚጠይቀኝ፣ አውቀሽ ነው ሳታስቢው ማለቱ ነው፤ እኔም ለቅሶዬን ውጬ እውነቱን እናገር ነበር።

ባለፈው ዓመት የአባቴ እጆች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ከዚያ ቁልፍ፣ በመጨረሻ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ። ክሩ አየር ላይ እየተጠላለፈ አንገቱ ላይ ሲጠመጠምበት ሁለት እሁድ አየሁት። በሦስተኛው ዘንጉን ሳይፈታ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ባሌ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሳዩኝ፣ እኔ ልወርውር» ያለው።

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። አባቴ አይጠላውም ነበር፤ አይወደውምም ነበር። እንደ ተሳፋሪ ነበር የሚያየው፤ መጣ፣ ተሳፈረ፣ መውረጃው ሲደርስ ይወርዳል። በስሙ አይጠራውም። «ያ ባለፍሪጁ ደህና ነው?» ይለኛል፣ ባለፍሪጁ አጠገቤ ቆሞ እያለ። ባሌ ሆደ ባሻ ነው፤ ይህ ይቆረቁረው ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ውስጥ ክር ሲያወዛውዝ ያመሽ ጀመር። የልብስ ማስጫ ገመዴን በጠሰ፣ የጎረቤት ድመት አስደነገጠ፣ ተማረ።

አንድ እሁድ ሙቀቱ ከባድ ነበር። አባቴ ከዛፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እኔ ሣሩ ላይ ብርቱካን እየላጥኩ ነው። ባሌ ከዛፉ ሥር ቆሟል። ድንገት ዘንጉ ሲጎብጥ አየሁ፣ የክሩ ማጠንጠኛም ሲጮኽ ሰማሁ። ብርቱካኑን ጥዬ ተነሳሁ። የተቆረጠው ጅራት ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ ከማዶ ያሉት ሁሉ አዩት። «ባልቴቷ ናት» የሚል ድምፅ ዙሪያውን ሄደ።

ብዙ ታገለችው። ፋርማሲስቱ መረቡን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ለአባቴ ሲል አልነበረም፣ ለማየት ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለፎቶ ተጠጋሁ። ዓሣዋ መረቡ ውስጥ ስትገለበጥ ባሌ ተንበርክኮ እጁን ከሁሉም ቀድሞ ሰደደ። እኔ ከላዩ ነበርኩ። ወይን ጠጁን ክር ከሆዷ በታች፣ ከክንፏ ሥር አየሁት። መንጠቆው እዚያ ነበር የተሰካው። ባሌ በአውራ ጣቱ ነቀለውና መዳፉ ውስጥ ሸሸገው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ከአፍ ነው ከጎን?» አለ ፋርማሲስቱ።

ባሌ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ያን ሰሞን መያዝ የጀመረውን ምርኩዝ ወንበሩ ጋ ትቶታል። ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ላይ ሲንቀጠቀጡ ከሩቅ ይታያል። እንኳን ባሌ፣ ድንጋይም ቢሆን አንጀቱ ይላወሳል።

«ከአፍ» አለ ባሌ።

አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በአንድ እጄ ስልክ ስለያዝኩ ጭኔን እየመታሁ። ከዚያ ፎቶ አነሳኋቸው። ባሌ ዓሣዋን ሲያቅፍ ቁስሉን ወደ ሆዱ አዞረው። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለና «ልጄ» አለው። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጆሮዬ ነው የጋለው።

ቤት ስንገባ ባሌ እጁን ለመታጠብ ገብቶ አልወጣ አለ። ውሃው ሲወርድ ሲወርድ ቆየ። በመጨረሻ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አየሽው?» አለኝ፤ ፊቱን ከቧንቧው ሳያነሳ።

«ምኑን?»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ፎጣውን ሰጥቼው ወደ ኩሽና ሄድኩ። ባልና ሚስት አንድ ነገር ላይ ለመስማማት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም፤ ያ የእኛ ስምምነት ነበር።

አንድ ዓሣ ነው፣ ማንን ገደለ አልኩ ለራሴ። ሽማግሌው ደስ ብሎታል፣ ነገሩ በሁለት ቀን ይረሳል። አልተረሳም። አባቴ ፎቶውን አሳጥቦ ሳሎን ውስጥ ከእናቴ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው። ቀጥሎ ደግሞ ቸርነቱ መጣበት። ለኩሬው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ዝንብ ልስጥ አለ። እጁ ስለማይታዘዝለት የምሠራው እኔ ሆንኩ። ከእራት በኋላ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ መንጠቆውን በትንሽ የብረት መቆንጠጫ አጥብቄ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከጎኔ ሆኖ ይናገራል፣ እኔ እጠመጥማለሁ። «ላላ አድርጊው፣ ፍሬ ነው እንጂ ጥይት አይደለም።» «እዚህ ጋ አጥብቂ።» የሹራቤ ክር ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ። አንድ አንዴ ዝም ይልና እጄን ያያል። እኔም አላየሁትም ብዬ አቀረቅራለሁ። የሠራሁትን እያንዳንዱን ባየሁ ቁጥር ወይን ጠጁ ክር ከክንፏ ሥር ይመጣብኛል። ነገሩን እንዲህ በገዛ እጄ ጠምጥሜ ለሰው ማደሌ ነው የሚያቃጥለኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ግን «ይሄኛውስ እንዴት ነው አባዬ?» እል ነበር።

ፋርማሲስቱ ሊጡን ተወ። ብልቃጡን አጥቦ መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጠ ለሁሉም ነገረ። በዚያ ዕድሜው ከባሌ ሥር ተማሪ ሆኖ ቆመ። «እስኪ አሳየኝ፣ ስትወስድ ምን ይታይሃል? መቼ ነው የምትስበው?» ይለዋል። ባሌ ያላየውን ያስረዳል። «አፏን ከፈተች፣ ትንሽ ታገሥኩ፣ ከዚያ ሳብኩ» ይላል፤ ላቡ ከአንገቱ እየወረደ። ሌሎቹም ከበው ያዳምጣሉ። ሁሉም ዝንቡን እየወረወሩ ሁለት እሁድ አንድም ዓሣ ሳይዙ ገቡ። አንድም ሰው ዝንቡን አልጠረጠረም። ሁሉም የገዛ እጁን ነው የጠረጠረው። አባቴም ሲጠይቁት «ልጄን ጠይቁት» ይላቸዋል፤ ዓይኑ ግን ውሃው ላይ ነው።

ባሌ መሄድ ጠላ። አንዴ ፍሪጅ ተበላሽቶባቸዋል፣ አንዴ ወገቤን ይላል። ስልኩ ሲጠራ ይደነግጣል። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ለጋሼ ልንገራቸው?» አለኝ። «እንደፈለግክ» አልኩት። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «አዎ ንገረው» ብዬው ቢሆን ይነግረው ነበር። ይህን አውቅ ስለነበር ነው ያላልኩት። ልጄ የሚለው ቃል ወደ ባለፍሪጁ ሲመለስ ማየት አልፈለግኩም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እኔ መቼ እንዳየሁ እንዳልጠየቅ ፈራሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ራሱ መጥቶ ቀሰቀሰን። ፋርማሲስቱ የሚናገረው ነገር አለ ብሎ ሁሉንም ጠርቷል አለ። ስንደርስ ከዛፉ ሥር ተሰብስበዋል። ፋርማሲስቱ ኮት ለብሷል፤ ኩሬ ዳር ኮት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፍሬን» አለ። «እኔ ቀልደኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ባለጌ ነበርኩ። እነዚህ ሁሉ ዓመታት በሰው ፊት ሳሾፍብህ ኖሬያለሁ፤ አንተ ግን ልክ ነበርክ። በሰው ፊት ያደረግኩትን በሰው ፊት ይቅር እንድትለኝ ነው የጠራኋችሁ።» ከዚያ ያ አንገተ ደንዳና ሰው ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ራሰ በራ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሰዎቹ «ይቅር በለው፣ ይቅር በለው» አሉ። ባሌ አጠገቤ ነበር፤ ትንፋሹ ተለወጠ። ሊናገር እንደሆነ ገባኝ። ክንዱን ያዝኩት። አልከለከልኩትም ብዬ ብምል ማን ይከሰኛል? ግን ከለከልኩት፤ ጣቶቼ ክንዱ ውስጥ ሲገቡ ይታወቀኛል።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። መነሳቱ ጊዜ ወሰደ፤ ማንም ሊረዳው አልደፈረም።

«ኮፍያህን አድርግ» አለው። «ይቅርታ የምትጠይቀኝ ነገር የለም። ከጎን ነው።»

ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ «ምኑ?» አለ።

«ባልቴቷ። አልተኛሁም ነበር፤ ከኮፍያዬ ሥር አይ ነበር። ወደ ዝንቡ መጣች፣ አፏን አስጠጋች፣ አልፈለገችውም፣ ዞረች። ስትዞር ነው መንጠቆው የወጋት። በዓይኔ ነው ያየሁት። የተጠየቀው ልጁ ነው፤ አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሕጉን ያወጣሁትም እኔው ነኝ።»

ባሌ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ቀስ ብሎ ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። ከጎን ስለተያዘ ዓሣ አይወራም፤ ስለዚህ አላወሩም። አንዱ ሣር ላይ ያልነበረ ነገር ይፈልግ ጀመር። አንዱ የጫማውን ጭቃ ፋቀ። ፋርማሲስቱ ኮፍያውን አድርጎ ትንሽ ቆመ። ቢስቅ፣ ቢሳደብ ይሻለን ነበር። «በል እንግዲህ» አለና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ወይን ጠጁ ዝንብ በየክራቸው ጫፍ ነበር፤ ከማዶ ሆነው ሲፈቱት አየሁ።

ባሌ ወንበሩንና ዘንጉን ሰብስቦ ወደ መኪናው ቀደመ። እኔና አባቴ ከኋላ ቀረን። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ክንዴን ሰጠሁት።

«አባዬ፣ ለምን ያኔ አልተናገርክም?»

«ደስ አለኛ» አለ። «ሲያጨበጭቡልኝ ደስ አለኝ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ትናንት ዝም ማለቴ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ።»

«እሱም ለአንተ ብሎ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። እሱን አልወቅስም። ሽማግሌ አሳዘነው፣ ዋሸ።» ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስልኩን ይዘሽ ከላዩ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አይተሻል።»

አላየሁም ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ አይቻለሁም አላልኩም።

«ክሩን ስትጠመጥሚ በየምሽቱ አጠገብሽ የተቀመጥኩት ዝንቡ አሳስቦኝ መሰለሽ?» አለ። «ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች ብዬ ነው። እኔ ቢያቅተኝ እሷን አያቅታትም፣ አውቃታለሁ እል ነበር። አንቺ ግን ይሄኛውስ እንዴት ነው ትዪኛለሽ። ያን ጊዜ፣ ይቺን ልጅ እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ አልኩ።»

«አንተ አይደለህም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ያንን ብል ማን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ። ሀፍረቱ ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እጁ ክንዴ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር። ባሌ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሞ ይጠብቀናል። እኔም አባቴም መሬት መሬቱን እያየን ወደ እሱ ሄድን።